ቱርቦ ወይስ ሱፐርቻርጀር፦ ደሴ ላይ ላለች አርኤክስ-8 የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም 20

ሥራው መኪናዬ ላይ አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ማሽን፣ ቱርቦ ወይም ሱፐርቻርጀር፣ ማሰር ነው። ዛሬ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሞተሯ አየሩን የምትጨምቅበት ግፊት፣ ተለካ። ሥራው ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

መኪናዋ ማዝዳ አርኤክስ-8 ናት፤ ባለ ስድስት ማርሽ ማንዋል፣ እስከ 9000 አርፒኤም (ዙር በደቂቃ) የምትዞረው ዓይነት። ማዝዳ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2012 ነው የሠራት። ሞተሯ ሬኔሲስ የሚባለው ሮታሪ ነው። ፒስተን የለውም፣ ቢየላ የለውም፣ ቫልቭ የለውም። እያንዳንዳቸው 654 ሲሲ የሆኑ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተሮች በቤታቸው ውስጥ ይሽከረከራሉ፤ ድምሩ 1308 ሲሲ። በየማዕዘኑ ጫፍ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፔክስ ሲል የሚባል ማሸጊያ አለ። የሞተሩ ሕይወት በዚያ ቀጭን ብረት ላይ ነው። እሱ ከተሰበረ ሞተሩን አውርዶ ከመበተን ሌላ መፍትሔ የለም።

የሮታሪ ኮምፕሬሽን መለኪያ እዚህ አይገኝም። ተራውን የቤንዚን ሞተር ጌጅ ወስጄ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ቫልቭ ነቀልኳት። ቫልቯ ካለች ጌጁ ከሦስቱ ጎኖች የሚበልጠውን ብቻ ይዞ ይቀራል፤ ስትነቀል ግን መርፌው ለእያንዳንዱ ጎን አንድ ጊዜ ይዘላል። የታችኛዋን ካንዴላ አውጥቼ ጌጁን አሰርኩ፤ ነዳጁ ተቋረጠ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ታች ተረገጠ፣ ሞተሪኖው ዞረ። መርፌዋ ቶሎ ቶሎ ስለምትዘል በዓይን አትያዝም። በስልክ በዝግታ ቀርጾ እያቆሙ ማንበብ ነው የሚያዋጣው። የፊቱ ሮተር 585፣ 580፣ 590 ኪሎ ፓስካል፤ የኋላው 560፣ 555፣ 565።

የማዝዳ የጥገና መጽሐፍ በ250 አርፒኤም ዝቅተኛው 680 ነው ይላል። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ይቺ ሞተር አልቃለች ብሎ ይፈርዳል። ግን 680 የተባለው ለባሕር ጠረፍ ነው፤ እኛ ያለነው ጦሳ ተራራ ሥር፣ 2470 ሜትር ላይ። እዚህ የአየሩ ግፊት 75 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ ባሕር ጠረፍ 101 ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 680 ላይ 101 ጨምረን ለ101 ስናካፍል 7.7 እጥፍ ይመጣል። ያንን በ75 አባዝተን 75 ስንቀንስ 505 ይቀራል። ስለዚህ ደሴ ላይ የመጨረሻው ወለል 505 ነው፤ በዚሁ ስሌት አዲስ ሞተር ራሱ እዚህ ከ616 ብዙም አይዘልም። የእኔዋ በመካከል ናት፣ ጎኖቿም እኩል ናቸው። አልሐምዱሊላህ፣ ጤነኛ ናት።

ይህን በዝርዝር የጻፍኩት ደጋ ላይ ሮታሪ የያዘ ሰው በዚህ ምክንያት ደኅና ሞተር እንዳያስበትን ነው።

መስከረም 24

ማስተር ጋራዡ መጡ። ከኤንትሬ ዘመን ጀምሮ የከባድ መኪና ሞተር ሲፈቱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ደሴ ውስጥ ቱርቦ የነካ እጅ ሁሉ ከእሳቸው ሥር ያለፈ ነው ማለት ይቻላል። ሐሳቤን ነገርኳቸው።

«ምን ያስመርጥሃል የኔ ልጅ? ቱርቦ ነው እንጂ! ሲኖትራኩ፣ አይሱዙው የሐረጎን አቀበት የሚወጣው በምኑ ሆነና? የተራራ መድኃኒቱ ቱርቦ ነው።»

«ማስተር፣ ይቺ ናፍጣ አይደለችም እኮ። ጭሷ በጣም ይሞቃል።»

«ይሙቅ! ሙቀቱን ነው ቱርቦው የሚበላው።»

የተናገሩት እውነት ነው። ቱርቦ የሚዞረው ሊባክን በወጣ ጭስ ነው፤ ሱፐርቻርጀር ግን ጉልበቱን ከሞተሩ በቺንጋ ይቀማል። ከፍታ ላይም አየሩ ሲሳሳ ቱርቦው ፍጥነቱን ጨምሮ የጎደለውን ሊያካክስ ይችላል። ደግሞ ቱርቦ የሚያድስ ሰው እዚሁ አለ፤ ሱፐርቻርጀር ነክቶ የሚያውቅ ሰው በከተማው አላገኘሁም። ማዝዳ ራሱ የመጨረሻዋን አርኤክስ-7 በሁለት ቱርቦ ነው የሸጣት። በዚህ ሁሉ ላይ የማስተር ቃል ሲጨመርበት መልሱ ያለቀ ይመስላል።

እኔ ግን ሞተሯን ሥሯ ገብቼ ሳላያት አልወስንም አልኩ።

ጥቅምት 3

መኪናዋ ክሪክ ላይ ናት። ማርሚታው ወርዷል፣ የጭስ ማኒፎልዱ መከላከያ ላሜራም ተነሥቷል።

የአርኤክስ-7 ሞተር ጭሱን የሚያወጣው በሮተሩ ቤት ዙሪያ በተበሳ ቀዳዳ ነው። ሮተሩ ቀዳዳውን ሲያልፍ ጭሱ በአንድ ጊዜ ቦግ ብሎ ይወጣል፤ ያ ምት ቱርቦውን በሚገባ ይመታዋል። ሬኔሲስ ላይ ማዝዳ ቀዳዳውን ወደ ጎን ብረቱ አዛወረው። በዚህ ምክንያት የሚገባው አየርና የሚወጣው ጭስ አይገናኙም፣ ነዳጅም ይቆጥባል፣ ጭሱም ይጠራል። በተፈጥሮ አየር ለምትስብ ሞተር ግሩም ሥራ ነው። ለቱርቦ ግን ምቱ ለስለስ ይላል፤ ጭሱ በብረቱ ውስጥ ተጣጥፎ ስለሚወጣ ሙቀቱን እዚያው ይተወዋል። ከማኒፎልዱ ሦስት አፎች መካከለኛው ደግሞ ለሁለቱም ሮተሮች የጋራ ነው። ሁለት እሳት በአንድ በር! ቱርቦ ሲታሰር ጭሱ ወደ ኋላ ስለሚገፋ እዚያ መሐል ያለው ብረት ምን ያህል እንደሚግል አስቡት።

ሌላም አለ። በዚህ ሞተር ላይ አየር ማስገቢያውና ጭስ መውጫው በአንድ ወገን ናቸው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ቱርቦውን ጭሱ ጋ ማሰር ማለት በከሰል ምድጃ ላይ ቅቤ እንደማስቀመጥ ነው፤ የሚገባው አየር ሞተሩ ዘንድ ሳይደርስ ይግላል። ኮምፕሬሽን ሬሾዋ 10 ለ 1 ነው፤ የቱርቦዋ አርኤክስ-7 በ9 ለ 1 ነበር የምትሠራው። ማደያ ስንሄድ ደግሞ ቤንዚን ቤንዚን ነው፤ ከፍ ያለ ደረጃ ያለውን ስጠኝ የሚባል ነገር የለም። ትኩስ አየር፣ ከፍ ያለ ኮምፕሬሽንና ተራ ቤንዚን ከተገናኙ ነዳጁ ያለጊዜው ይፈነዳል፤ ሞተሩ ያንኳኳል። ፒስተን ሞተር ትንሽ ቢያንኳኳ ይታገሣል። ሮታሪ አይታገሥም፤ አፔክስ ሲሉ ይሰነጠቃል።

ጥቅምት 5

ማርሚታውን መልሼ አስሬ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው በሐረጎ ቁልቁል ወርጄ ወጣሁ። በስልኬ የሞተሯን ሙቀት ከኮምፒውተሯ እያነበብኩ ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ጌጅ ሞተሩ ክፉኛ እስኪግል ድረስ መሐል ላይ ቆሞ ስለሚቀር እሱን ማመን አይቻልም።

ሲወርዱ ምንም የለም። ሲመለሱ ነው ጉዱ። ከኮምቦልቻ ከወጣሁ ብዙም ሳልርቅ ጭነት የያዘ ሲኖትራክ ከፊቴ ገባ፤ ኩርባው በኩርባ ላይ ስለሆነ ማለፊያ የለም። በሁለተኛ ማርሽ፣ በሰው ሩጫ ፍጥነት። ራዲያተሩ የሚመታው ነፋስ የለም፣ ፋኖቹ ብቻቸውን ይሠራሉ። 96፣ 99፣ 103። ያለ ምንም ቱርቦ!

ውኃ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው። የራዲያተር ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ከዚያ በላይ ይታገሣል፤ ክዳኑ ከደከመ ግን መተማመኛ የለም። የሮተሮቹ ቤት አሉሚኒየም ነው፣ የጎኑ ብረት ሌላ ነው፤ ሲግሉ እኩል አይለጠጡም። በመካከላቸው ያለው የውኃ ላስቲክ አንዴ ከተጎዳ ውኃው ወደ ሮተሩ ይገባል። በዚህ መንገድ ላይ፣ በዚያ ፍጥነት፣ እሳት የለበሰ ቱርቦ ኮፈን ሥር ማስቀመጥ አልፈልግም።

ክዳኑን ዛሬውኑ ቀየርኩ።

ጥቅምት 14

ማታ ወረቀት ላይ ተቀመጥኩ። ይህ ቀን ለእኔ ሥራው የተፈታበት ቀን ነው።

ሰዎች ስለ ሱፐርቻርጀርና ቱርቦ ሲከራከሩ የሚያስቡት ባሕር ጠረፍ ላይ ሆነው ነው። ሞተሯ ከተሠራችበት ጉልበት ላይ ስንት ፈረስ እንጨምር ነው ጥያቄያቸው። እኛ ደሴ ላይ ግን ከሩብ የሚጠጋው አየራችን ገና ከመጀመሪያው የለም። መኪናዋ ጃፓን ስትለካ የነበራት ጉልበት እዚህ የላትም። ስለዚህ የእኔ ጥያቄ መጨመር ሳይሆን መመለስ ነው።

አየሩን 1.4 ጊዜ የሚያባዛ ማሽን ብናስር 75 ሲባዛ በ1.4፣ 105 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። ያ ማለት ማዝዳ መሐንዲሶቹ ያሰቡት የባሕር ጠረፍ አየር ነው፤ ከጥቂት ጭማሪ ጋር። ፋብሪካው የገጠማቸው ኢንጀክተሮች ይበቃሉ። የቤንዚን ፓምፑ ይበቃል። የአየር መጠን መለኪያ ሴንሰሯ የሚገባውን አየር በክብደት ስለሚቆጥር ኮምፒውተሯ የሚያየው ከለመደው ክልል ብዙም አይወጣም። ይህን ያህል ገራም ጭነት 10 ለ 1 ኮምፕሬሽንም ይችለዋል፤ አየሩ ስለሚሞቅ ብቻ ካንዴላው የሚመታበትን ጊዜ ትንሽ ወደ ኋላ መሳብ ነው።

በዚህ ልክ ለሚሠራ ሥራ የቱርቦው ትልቁ ጥቅም፣ ግፊቱን እንደ ልብ መጨመሩ፣ አያስፈልገኝም። የሚቀርልኝ ጉዳቱ ነው፦ ሙቀቱ፣ ከሞተሩ የሚወስደው የዘይት መስመር፣ በሮታሪ ጭስ ሙቀት የሚሰነጠቅ የብየዳ ማኒፎልድ።

ሱፐርቻርጀር ነው። ተወሰነ።

ማስተር ጋ ደውዬ ስሌቱን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙና «መመለስ ካልክ ሌላ ነገር ነው። አብሽር፣ ሥራው» አሉኝ። ከእሳቸው አፍ ይህን መስማት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ጥቅምት 29

የትኛው ሱፐርቻርጀር?

ሴንትሪፉጋሉ ቱርቦን ይመስላል፣ የሚዞረው ግን በቺንጋ ነው። ቀላልና ቀዝቃዛ ነው። ችግሩ ግፊቱ ከዙሩ ጋር በካሬ ነው የሚያድገው፤ በ9000 አርፒኤም 0.4 ባር የሚሰጥ በ3000 ከ0.05 አያልፍም። የደሴ አየር ግን በ3000ም በ9000ም እኩል ነው የሚጎድለው። ሐረጎን የምወጣው ደግሞ በ3000 ነው። ሬኔሲስ ድሮም ከታች ደካማ ናት፤ ላዩን ብቻ የሚያግዝ ማሽን ምን ያደርግልኛል?

በእያንዳንዱ ዙር የተወሰነ አየር እየዘገነ የሚያስገባው ዓይነት ነው የሚሻለው፤ ሩትስ ወይም ባለ ሁለት ጠመዝማዛው። ጠመዝማዛው አየሩን ብዙም ሳያግል ይጨምቃል፤ ዋጋው ግን ከአቅሜ በላይ ነው። ሩትስ ያሞቃል፤ በ1.4 ላይ ግን የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ኢንተርኩለር ከታከለለት የሚቻል ነው።

ያገለገለ ሩትስ ፍለጋ ስንወጣ መጀመሪያ የተገኘው «ኮምፕሬሰር» ከሚባለው የድሮ መርሴዲስ መኪና ላይ የወረደ ኢተን ኤም62 ነበር። ዋጋው ሸጋ፣ መጠኑ ትንሽ። በአንድ ዙር የሚያስገባው 1 ሊትር ገደማ ነው። ሮታሪዋ ደግሞ ኤክሰንትሪክ ሻፍቷ (ዋናው ዘንግ) አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር 1.3 ሊትር ትስባለች፤ ባለ አራት ስትሮክ ፒስተን ሞተር ያንን ያህል ለመሳብ 2.6 ሊትር መሆን ነበረበት። ለ1.4 ብዜት በዙር 1.83 ሊትር ያስፈልጋል። ያ ማለት ኤም62 ከሞተሩ 1.8 ጊዜ ፈጥኖ መዞር አለበት፤ ሞተሩ 9000 ሲል እሱ ከ16 ሺህ ያልፋል። የተሠራው ለ14 ሺህ ነው። ተወው።

ኤም90 በዙር 1.47 ሊትር ያስገባል። 1.24 ጊዜ ቢዞር ይበቃዋል፤ በ9000 ላይ 11 ሺህ ገደማ፣ ከአቅሙ በታች። ጄኔራል ሞተርስ 3.8 ሊትር ቪ6 ሞተሩ ላይ ያስር የነበረው ይህ ነው። የራሱ ዘይት አፍንጫው ውስጥ ስለታሸገ ከሞተሩ የዘይት ቱቦ አይፈልግም። እግር ከነዳጅ ሲነሣ አየሩን ወደ ኋላ የሚመልስ ባይፓስም ከነነፍሱ አብሮት አለ። ዕቃ ከሻርጃ ለሚያመጣ ነጋዴ ታዘዘ።

ኅዳር 18

ደረሰ። ሳጥኑን ከመክፈቴ በፊት ፑሌጃውን በእጄ አዞርኩት፤ ሳይከብድ ዞረ፣ ግን ወዲያና ወዲህ ሲሉት ከውስጥ ይንቀጫቀጫል። ይህ በኤም90 የታወቀ ነው፤ ፑሌጃውንና ሮተሮቹን የሚያያይዘው ባለ ስፕሪንግ ማጋጠሚያ ነው የሚበላው። አፍንጫውን ፈትቼ አሮጌውን ዘይት ደፋሁ። ማጋጠሚያውን ሳወጣ ስድስቱ ቀዳዳዎች ከክብነት ወደ እንቁላል ቅርጽ ሄደዋል። ሮተሮቹ ግን ሸጋ ናቸው፤ ሽፋናቸው አልተላጠም፣ ቤቱን የነካ ጭረት የለም፣ ኩሽኔታዎቹም አይጮኹም።

ኮምቦልቻ ያለ የቶርኖ ባለሙያ ከድፍን ናይሎን አዲስ ማጋጠሚያ አወጣልኝ። ስድስቱንም ቀዳዳ በፒኖቹ ላይ እያለካካ ነው የበሳው፤ የመጨረሻው ፒን ሲገባ የነበረው ጠቅ የሚል ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ፑሌጃውም እዚያው ተሠራ። የታችኛው፣ የሞተሩ፣ 100 ቢሆን የላይኛው፣ የሱፐርቻርጀሩ፣ 81 እንዲሆን ነው ልኩ። ፑሌጃው ሻፍቱ ላይ በጭነት የተተከለ ስለሆነ በመንቀያ ብቻ ነው የሚወጣው። በመዶሻ የሚመታ ሰው ኩሽኔታውን አብሮ ነው የሚገድለው።

ኅዳር 30

ማሰሪያው። መጀመሪያ በካርቶን፣ ቀጥሎ በቀጭን ላሜራ፣ በመጨረሻ በ10 ሚሊ ሜትር ብረት። ካርቶኑ ላይ ነው ብዙ ጊዜ የፈጀሁት፤ ካርቶን በመቀስ ይታረማል። የሁለቱ ፑሌጃዎች ቀጥታ በቀጥ ያለ ብረትና በተወጠረ ክር ተፈተሸ። 1 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ቺንጋው መጮህ፣ ከዚያም መላጥ ይጀምራል።

ኢንተርኩለሩ ከፊት ተገጠመ፤ የሁለቱን የዘይት ማቀዝቀዣዎች ነፋስ እንዳይዘጋ ዝቅ አድርጌ ነው ያሰርኩት። ሮታሪ ሙቀቱን በውኃ ብቻ አይደለም የሚያስወግደው፤ ዘይቱም ትልቅ ድርሻ አለው።

ታኅሣሥ 11

የቁልቁለት ጥያቄ።

1.4 የሚያባዛ ማሽን ደሴ ላይ 105 ይሰጣል። ኮምቦልቻ ስንወርድ አየሩ 81 ስለሚሆን 113 ይሆናል። በባቲ አድርገን ሚሌ ብንወርድ፣ ከፍታው 500 ሜትር ገደማ፣ 133 ይደርሳል፤ ያውም በአፋር ሐሩር። እዚህ ገራም የነበረው ማሽን እዚያ አፔክስ ሲል የሚሰብር ይሆናል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ ይቺን ከገደልኳት ሌላ አላመጣም።

የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው የሚማረው፤ ኤሌክትሪካል። «አጎቴ፣ ጌጁ ከውጭ አየር ጋር እያወዳደረ ከሆነ የሚለካው ያታልልሃል። ፍጹም ግፊት የሚለካ ሴንሰር ነው የሚያስፈልግህ» አለ። ልክ ነው። አርዱዊኖ በሚባል ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ሠራው፦ በአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ውስጥ ያለው ፍጹም ግፊት 110 ሲያልፍ የባይፓሱን ቫልቭ በኤሌክትሪክ በሚሠራ ሶሌኖይድ ይከፍታል፣ ትርፉ አየር ወደ ኋላ ይመለሳል። ደጋ ላይ አይነካም፤ ቆላ ሲወርዱ ራሱ ይቀንሳል። ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥ ባይፓሱ ክፍት ሆኖ እንዲቀር አድርጎ ነው ያያያዘው። ይህን እኔ ሳልነግረው ማሰቡ አኮራኝ።

ታኅሣሥ 22

ተነሣች።

ነዳጇ ላይ በሊትር 5 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ተጨምሯል፤ የሞተሯ ዘይት ፓምፕ ለሲሎቹ የሚረጨው በተፈጥሮ አየር ለምትሠራ ሞተር የተለካ ስለሆነ ነው። ካንዴላዎቹ አንድ ደረጃ ቀዝቀዝ ባሉ ተቀይረዋል፤ አራቱም፣ የታችኞቹም የላይኞቹም። ሚኒሞዋ ረጋ ያለ ነው። ቺንጋው አልጮኸም። ባይፓሱ ክፍት ስለሆነ ኤም90ው ዝም ብሎ ይዞራል፤ ከሩቅ የልብስ ስፌት መኪና የሚመስል ድምፅ አለው።

ወደ ቦሩ ሜዳ በሚወስደው መንገድ ቀጥታው ላይ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ሰጠኋት፤ የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ይዞ ነበር። በ3000 አርፒኤም ማኒፎልዱ 97 ኪሎ ፓስካል፣ በ5000 101፣ በ7000 103። ከኢንተርኩለር በኋላ ያለው አየር 41 ዲግሪ። የማንኳኳት ምልክት የለም። ነዳጇ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር በዝቶ ነው የሚታየው፤ ለሮታሪ እንዲያ መሆኑ ደግ ነው።

ይቺ መኪና ደሴ ከገባች ጀምሮ በ3000 አርፒኤም እንዲህ ስትስብ አይቻት አላውቅም። የእህቴ ልጅ «ማሻአላህ» ከማለት ሌላ ቃል አላወጣም።

የቀረው ሥራ፦ ከረጅም መንገድ በኋላ ኮምፕሬሽኑ እንደገና ይለካል፤ ከመስከረም 20ዎቹ ቁጥሮች ጋር ይተያያል። የናይሎኑ ማጋጠሚያ ተፈትቶ ቀዳዳዎቹ ይታያሉ። ሐረጎን በጭነት መኪና ኋላ ሆኖ በቀን ሙቀት መውጣት አለብኝ፤ 103 ዲግሪ የነበረው የሞተሯ ሙቀት ከ105 ካለፈ ፋኖቹ ይለወጣሉ። የባይፓሱ ሶሌኖይድ መጀመሪያ ኮምቦልቻ፣ ቀጥሎ ባቲ ላይ ይፈተሻል። እነዚህ እስኪያልቁ ከባቲ በታች አትወርድም።